አቅራብ ወዴት አለ?

“ኮከብህ ማን ነው?” ተብላችሁ ታውቃላችሁ? በመካነ ሰላምም ሆነ በሳይንት፣ በወግዲም ሆነ በለጋምቦ ይህን ጥያቄ ሳይሰማ ያደገ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጋብቻ ሲታሰብ፣ ሕመም ሲበረታ ወይም ንግድ ሲከስር ነው። እኛ በወንጌል ቤት ያለን ሰዎች መልሳችን የታወቀ ነው፤ “እኔ ኮከብ አላስቆጥርም” ብለን ፊታችንን እናዞራለን። መልካም አድርገናል። ነገር ግን ፊታችንን ስናዞር ከኮከብ ቆጣሪው ብቻ ሳይሆን ከሰማዩም ጭምር እንዳንዞር እፈራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የምነግራችሁ በደቡብ ሰማይ ስላለች አንዲት የከዋክብት ስብስብና እርሷን አይተው፣ ለይተው፣ ጽፈው ስላለፉ ሰዎች ነው። ነገሩ ግን ከቤቴ ይጀምራል።

ታላቅ እህቴን እታለም ብዬ ነው የምጠራት። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ቤታችን ገና ወንጌልን ሳይሰማ፣ ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፤ ዘመዶቹም የታወቁ ናቸው፤ አባቴም እሺ ብሎ ነበር። ከዚያ የልጁ ወገኖች የእርሷንና የእናታችንን ስም ይዘው ወደ አንድ ኮከብ ቆጣሪ ሄዱ። የልጁ ኮከብ ሐመል፣ እሳት ሆነ፤ የእርሷ አቅራብ፣ ውሃ ሆነ። “እሳትና ውሃ አንድ ቤት አያድሩም” ተባለ። ሽማግሌዎቹም ተመልሰው አልመጡም። እታለም ለብዙ ጊዜ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ሰው በማይኖርበት ሰዓት ነበር የምትወጣው። አንድ ምሽት ከደጅ ተቀምጠን ሳለ ወደ ላይ እያየች፣ “እስቲ ንገረኝ፤ አቅራብ የሚሉት ወዴት ነው ያለው?” አለችኝ። እኔ ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁ። አላወቅሁም። አባቴም አላወቀም። ሕይወቷን ያበላሸውን ኮከብ በቤቱ ውስጥ፣ በመንደሩም ውስጥ፣ ጣቱን ዘርግቶ የሚያሳያት አንድ ሰው አልነበረም።

የማያውቁበት ምክንያት አለው። የኮከብ ቆጠራው አሠራር እንዲህ ነው። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ይወሰዳል። እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ አለው፤ ዋጋዎቹ ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ቁጥር ከአሥራ ሁለቱ ኮከቦች አንዱን ይሰጣል። ከዚያ አውደ ነገሥት ይከፈትና ያ ሰው ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው፣ ማንን ማግባት እንዳለበት፣ ምን እንደሚያገኘው ይነበባል። አስተውሉ፤ በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ማንም ሰው ቀና ብሎ ወደ ሰማይ አላየም። ስሙ ኮከብ ቆጠራ ይባል እንጂ የሚቆጠረው ፊደል ነው። በሐምሌ ጉም፣ በሩ በተዘጋ ጎጆ ውስጥ፣ በቀትርም ይሠራል። ሰማዩ ቢጠፋ ስሌቱ አይጎድልም። (ባሕረ ሐሳብን ከዚህ ጋር እንዳታደባልቁብኝ። ባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስልቶ በዓላትን የሚያወጣ የዘመን ቀመር ነው፤ እኛም ፋሲካን የምናከብረው በዚያው ቀመር በወጣው ቀን ነው።)

አሥራ ሁለቱን ስሞች ደግሞ ተመልከቷቸው፤ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። አብዛኞቹ ከዐረብኛ የመጡ መሆናቸውን ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያደገ የወሎ ልጅ ሳይነገረው ያውቃል። አሰድ አንበሳ ነው፤ ሑት ዓሣ ነው፤ አቅራብ ጊንጥ ነው። እነዚህ በመጀመሪያ የሰው ዕድል ስሞች አልነበሩም። ፀሐይ በዓመት ውስጥ የምታልፍባቸው አሥራ ሁለት የሰማይ ክፍሎች ስሞች ናቸው። ባቢሎናውያን ከፋፈሏቸው፣ ግሪኮች ከእነርሱ ተቀበሉ፣ ዐረቦች ከግሪኮች ወሰዱ፣ ወደ እኛም ደረሱ። መንገዱ ሲረዝም ስሙ መጣ፤ ሰማዩ ግን በመንገድ ቀረ።

እንግዲህ የእታለም ጥያቄ መልስ ይኸውና። መስቀል ካለፈ፣ ደመናው ከተገፈፈ በኋላ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ምረጡ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ከከተማው መብራት ወጣ በሉና ፊታችሁን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆና ወደ ጎጃም ማዶ አዙሩ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እጃችሁን ብትጨብጡ ጡጫችሁ ሰማዩ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ከአድማስ ወደ ላይ ሁለት ጡጫ ያህል ስትሄዱ ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ ታገኛላችሁ፤ የጊንጡ ልብ ነው። ከእርሱ ወደ ግራ የኮከቦች ሰንሰለት ይወርዳል፤ እንደ ማጭድ ይታጠፍና ተመልሶ ወደ ላይ ይነሣል። በጫፉ ላይ ሁለት ኮከቦች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መንደፊያው ይህ ነው። ደማቁ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ “ሻውላ” ይባላል፤ ይህም ዐረብኛ ነው፤ የተነሣ ጅራት ማለት ነው። አቅራብ እንግዲህ ይህ ነው። ከሰማይ ቅርጾች ሁሉ ስሙን የሚመስል ቅርጽ ያለው እርሱ ይመስለኛል፤ ሐመልን አይቶ በግ ማለት ግን ብዙ እምነት ይጠይቃል።

አሁን ከመንደፊያው ወደ ላይ ግማሽ ጡጫ ያህል ውጡ። እዚያ ላይ ጭስ የመሰለ፣ የነጣ ነጠብጣብ አለ። በዓይን ብቻ ስታዩት ትንሽ ደመና ይመስላል፤ ነፋስ ግን አይወስደውም። ባይኖኩላር ካላችሁ አንሡና እዩት። ደመናው ይፈርስና ከዋክብት ይሆናል፤ ጥቁር ጨርቅ ላይ እንደ ተበተነ ነጭ ጤፍ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እኔም በመጀመሪያው ምሽት ተሳስቻለሁ። ከዚህች ነጠብጣብ በስተቀኝ፣ በተመሳሳይ ከፍታ፣ ሌላ አነስ ያለች ነጠብጣብ አለች። እኔ መጀመሪያ ያገኘኋት እርሷን ነበርና አብረውኝ ለነበሩት ወጣቶች በልበ ሙሉነት “ይቺ ናት” ብዬ አስተምሬያለሁ። በማግስቱ የሁለቱን መጠን ሳነጻጽር ስህተቴን አየሁ። የቀኟ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ትመስላለች፤ ስሟም ቢራቢሮ ነው፤ ከከዋክብቷም አንዱ ወደ ብርቱካን ይቀላል። የግራዋ ግን ሰፊ ናት፤ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሁለት ጊዜ ታጥፋለች። በጅራቱ በሌላኛው መታጠፊያ፣ ከታች ደግሞ፣ ሦስተኛ ስብስብ አለ። ሦስቱን ለይቶ ለመናገር ሦስት ነገር ማየት በቂ ነው፤ ከመንደፊያው በየት በኩል እንዳለች፣ ስፋቷን፣ የብሩሃኑን ከዋክብት አቀማመጥ። በደብተር ሥሏት። እጅ የሣለውን ዓይን አይረሳም።

የግራዋ፣ የሰፊዋ ስም “የበጥሊሞስ ስብስብ” ነው። በካታሎግ ሜሲዬ 7 ትባላለች። ሁለቱም ስሞች ታሪክ አላቸው።

ቀላውዴዎስ በጥሊሞስ በሁለተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በእስክንድርያ ይኖር የነበረ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ150 ገደማ በጻፈው ታላቅ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ከአንድ ሺህ በላይ ከዋክብትን ከነቦታቸው መዝግቧል። በጊንጡ መንደፊያ አጠገብ ደግሞ ደመና የመሰለ ነገር እንዳለ ጻፈ። ቴሌስኮፕ አልነበረውም፤ ያየውም እናንተ በዓይናችሁ የምታዩትን ያንኑ ነው፤ ሌላው ቢቀር ከእናንተ ዝቅ ብሎ ነው ያየው። በእስክንድርያ ያቺ ነጠብጣብ ከፍ ስትል 24 ዲግሪ ያህል ብቻ ትወጣለች። በመካነ ሰላም ግን 44 ዲግሪ ትደርሳለች። ለዚህች ስብስብ ከበጥሊሞስ ይልቅ የእኛ ደጅ ይቀርባታል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ከ1,500 ዓመት በላይ ከደመናነት ያወጣት አልተገኘም። ቴሌስኮፕ ከተሠራ በኋላ የሲሲሊው ቄስ ጆቫኒ ባቲስታ ሆዲየርና እ.ኤ.አ. በ1654 ባሳተመው መጽሐፍ 30 ከዋክብት ቆጠረባት። ደመናው ከዋክብት ሆነ ማለት ነው። የሆዲየርና መጽሐፍ ግን በሰፊው አልተነበበም፤ ሥራው ዳግመኛ የታወቀው በሃያኛው መቶ ዓመት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው እወደዋለሁ። ኒኮላ ሉዊ ደ ላካይ ይባላል፤ ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1713 ተወለደ፤ ሥነ መለኮት ተምሮ ዲያቆን ሆነ፤ ልቡ ግን ወደ ከዋክብት አዘነበለ። በዘመኑ የደቡብ ሰማይ በትክክል የተለካ አልነበረም፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ከአድማሳቸው በታች ያለውን ማየት አይችሉምና። ላካይ እ.ኤ.አ. በ1751 በመርከብ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ኬፕ ወረደ። የያዘው ቴሌስኮፕ ከእጅ ባይኖኩላር የማይበልጥ ነበር፤ መስታወቱ እንደ አውራ ጣት ጥፍር ጠባብ ነው፤ የሚያጎላውም ስምንት ጊዜ ያህል ብቻ። በዚያች ትንሽ መሣሪያ፣ በአንድ ዓመት ገደማ ሌሊቶች፣ ወደ 10,000 የሚጠጉ ከዋክብትን ቦታ ለካ። ቁጥሩን ቀስ ብላችሁ አስቡት። ክረምት አለ፤ ደመና አለ፤ ጨረቃ አለች፤ እንቅልፍም አለ።

ላካይ ከዋክብቱን ሲለካ ደመና የመሰሉትን ለብቻ እየጻፈ 42 አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1755 አሳተማቸው። በሦስት ክፍልም መደባቸው፤ ከዋክብት የማይታዩባቸው ደመናዎች፣ ከዋክብት የሆኑ ስብስቦች፣ ደመና የከበባቸው ከዋክብት። የእኛዋ በሁለተኛው ክፍል ገባች። በኬፕ ሰማይ በቀጥታ አናት ላይ ነው የምታልፈው። በጥሊሞስ ሩቅ አድማስ ላይ ያያትን ላካይ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ አያት።

ሻርል ሜሲዬ ግን ለማየት የተቸገረ ሰው ነው። ፓሪስ ተቀምጦ ጅራታም ኮከብ የሚያድን ሰው ነበር። ደመና የመሰሉ የማይንቀሳቀሱ ነገሮች እያታለሉት ጊዜውን ስለ በሉበት እነርሱን በዝርዝር ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1764 የእኛዋን በ7ኛ ቁጥር አሰፈረ። በፓሪስ ከአድማስ 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ከዝርዝሩ ሁሉ ወደ ደቡብ የራቀችው እርሷ ናት። ስሟን የሰጣት እንግዲህ ከሁሉ አንሶ ያያት ሰው ነው፤ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ነው።

እስካሁን አንድ ጥያቄ አልተነካም። እነዚህ ከዋክብት በእርግጥ አብረው ያሉ ናቸው ወይስ አንዱ ቅርብ፣ ሌላው እጅግ ሩቅ ሆኖ ለእኛ ዓይን ብቻ የተጠጋጉ? ይህን የመለሰውም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው። ጆን ሚቸል እንግሊዛዊ ቄስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1767 “ሰባቱ ከዋክብት” የምንላቸውን ወሰደና ሒሳብ ሠራ። በዚያ የብርሃን ደረጃ ያሉ ከዋክብት በሰማይ ሁሉ እንዲሁ በአጋጣሚ ቢበተኑ ስድስቱ እንደዚያ ተጠጋግተው የመውደቃቸው ዕድል ምን ያህል ነው? መልሱ 496,000 ለአንድ ሆነ። ስለዚህ አጋጣሚ አይደለም፤ እነዚህ በእርግጥ የሚተሳሰሩ ናቸው አለ። ሰባቱ ከዋክብትም ሜሲዬ 7ም ዛሬ ክፍት የከዋክብት ስብስብ የሚባሉት ወገን ናቸው። ከአንድ የጋዝ ደመና አብረው የተወለዱ፣ በስበት የተያያዙ፣ በአንድ አቅጣጫ አብረው የሚጓዙ፣ በረጅም ዘመንም ቀስ እያሉ የሚበታተኑ። ሜሲዬ 7 ወደ 80 የሚሆኑ ደማቅ ከዋክብት አሏት፤ ርቀቷ 1,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ማታ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከእርሷ የተነሣው የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሳይፈለፈሉ ነው። ዕድሜዋን ሊቃውንቱ ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት ይገምቱታል። ይህ ቁጥር በወጣት ኅብረታችን ውስጥ ክርክር እንደሚያስነሣ አውቃለሁ፤ በዚህ ገጽ አልፈታውም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ላካይ ከሞተ ስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቴሌስኮፕና ትልቅ የነሐስ የማዕዘን መለኪያ በበቅሎና በሰው ትከሻ አስጭኖ ጎንደር ገባ። በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይ ደረሰ። ዝነኛ ያደረገው የምንጩ ጉዳይ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌሊት የሠራው ነው። የከዋክብትን ከፍታ ለክቶ ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ላይ መሆኑን ጻፈ። መካነ ሰላም ከዚያ በሩብ ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ደቡብ ዝቅ ትላለች። እንግዲህ ብሩስ በግሽ ያየው ሰማይ በእናንተ ደጅ ካለው ሰማይ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ያንን ሰማይ በመሣሪያ ከለኩትና ከመዘገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ እንግዳ መሆኑ ትንሽ ይቆረቁራል።

ይኸው ሰው ሲመለስ በሻንጣው ሌላ ነገር ይዞ ነበር፤ የመጽሐፈ ሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎች። ሙሉው መጽሐፍ በሌላው ዓለም ጠፍቶ በኢትዮጵያ ብቻ ተጠብቆ ነበር። በእኛ በወንጌላውያን ዘንድ ከቀኖና አይቆጠርም፤ ይሁዳ ግን በመልእክቱ ሄኖክን መጥቀሱን ታውቃላችሁ። ከመጽሐፉ ውስጥ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት መውጫና መግቢያ በሮች ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ሄኖክ ረጅሙ ቀን ከሌሊቱ እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል። በእኛ አገር ግን ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው። አባቶቻችን ይህን መጽሐፍ ለዘመናት በታላቅ ጥንቃቄ ገለበጡ፤ ደጃፋቸው ያለው ቀን ደግሞ ከመጽሐፉ ጋር አልገጠመም። እነርሱን ለመክሰስ አይደለም የማነሣው። መጽሐፍን መጠበቅና ሰማይን መመልከት ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች መሆናቸውን ያሳያልና ነው። በመጀመሪያው እጅግ በረታን።

ከብሩስ በኋላ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ተቀምጦ ተራሮቻችንን ለካ። አገሩ ሲመለስ በባሕር ዳር ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት ሠራ፤ በውስጡ የከዋክብት መመልከቻ አኖረ፤ በግድግዳው ላይ በእኛ ፊደል አጻፈ። በዚያ ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት የከዋክብት ቦታ ተለክቷል። በእንጦጦ ራስ ላይ ዛሬ ባለ አንድ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች መቆማቸው ደስ ያሰኛል። ከሥራቸው ግን የአዲስ አበባ መብራት አለ። ከ2,500 ሜትር በላይ የሆነችው የመካነ ሰላም ዳርቻ ቴሌስኮፕ የላትም፤ ጨለማ ግን አላት፤ ይህ ሀብት መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

እንግዲህ በእኛ ደጅ ያለው ሰማይ ከበጥሊሞስም ከሜሲዬም ይሰፋል። በሚያዝያ መጨረሻ፣ የበልጉ ደመና ከፈቀደ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊታችሁን በቀጥታ ወደ ደቡብ፣ ወደ ወግዲ በኩል አዙሩ። ከደቡብ መስቀል በስተቀኝ፣ ከአድማስ አንድ ጡጫ ተኩል ያህል ብቻ ከፍ ብላ፣ የደቡብ ሰባቱ ከዋክብት የምትባል ስብስብ አለች። ዛሬ ከእስክንድርያ አትታይም። መጻሕፍት “ላካይ አገኛት” ይላሉ። ላካይን እወደዋለሁ ብያለሁ፤ ይህን ቃል ግን አልወደውም። እርሱ ከመወለዱ በፊት በቦረና ሜዳ ከብት ሲጠብቅ ያደረ፣ በደንቆሮ ጫካ ዳር እሳት ያነደደ ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱ ነበረች። ያየ ሰው አልጠፋም፤ የጻፈ ግን የለም። ወደ ደቡብ ራቅ ብለው የሚኖሩት ቦረናዎች፣ የወረዳችንን ስም የሚጋሩት፣ ሰባቱን ከዋክብትና ሌሎችን ከጨረቃ ጋር እያመሳከሩ ወራትን የሚቆጥር ቀመር እስከ ዘመናችን ጠብቀዋል። እነርሱ ቀና ብለው አይተዋል።

“ይህ ሁሉ ለአማኝ ምን ይጠቅማል?” የሚል ወንድም በኅብረታችን ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኦሪት ዘዳግም 4፥19 ለሰማይ ሠራዊት እንዳንሰግድ ያስጠነቅቃል፤ ኢሳይያስ 47፥13 ከዋክብትን ተመልክተው ዕድል በሚናገሩት ይሳለቃል። እነዚህን ጥቅሶች በሚገባ ተምረናል። ነገር ግን ኤርምያስ 10፥2ንም አንብቡ። ነቢዩ አሕዛብ የሚፈሩትን የሰማይ ምልክት አትፍሩ ነው የሚለው፤ አትዩ አይልም። አሞጽ ከብት ጠባቂ ነበር፤ በምዕራፍ 5 ቁጥር 8 እግዚአብሔርን ሲያስተዋውቀን ሰባቱን ከዋክብትና ኦሪዮንን በመፍጠሩ ነው። ኢዮብ በመከራው መካከል፣ በምዕራፍ 9 ቁጥር 9፣ በደቡብ በኩል ስላሉት የከዋክብት ማደሪያዎች ይናገራል። ይህን ቃል መካነ ሰላም ላይ ቆሞ የሚያነብ ሰው ፊቱን ወደዚያው ማዞር ይችላል። መዝሙር 147፥4 ደግሞ ቆጣሪው እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል፤ የሚቆጥረውም ከዋክብትን ነው፤ የሰው ስም ፊደል አይደለም።

ለዚያ ወንድም ይህን ሁሉ አልመለስሁለትም፤ ቃል አላገኘሁም ነበር። ባይኖኩላሩን ሰጠሁት።

እታለም አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ጌታን በማመን ከእኔ ቀድማለች፤ ትዳሯም መልካም ነው። ያ ነገር ግን ከውስጧ ጨርሶ አልወጣም። ሰው “ኮከብ” ሲል ዛሬም ፊቷ ይለወጣል። ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ ከልጆቿ ጋር ወደ ሜዳው ይዣት ወጣሁ። ነጠላዋን ተከናንባ፣ “ምን ልታሳየኝ ነው?” አለች።

“የጠየቅሽኝን” አልኋት።

ቀዩን ልብ አሳየኋት። ሰንሰለቱን እየተከተልሁ በጣቴ ወረድሁና ተመልሼ ወደ መንደፊያው ወጣሁ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። “ይኸው ነው? ይህን ነው የፈራሁት?” አለች። ከዚያ ባይኖኩላሩን ተቀብላኝ ከመንደፊያው በላይ ያለችውን ነጠብጣብ ፈለገች። እጇ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር መጀመሪያ አላገኘችም፤ ትልቁ ልጇ ትከሻውን ሰጥቷት ክርኗን አሳረፈች።

“ኧረ ብዙ ናቸው!” አለች።

ልጆቹ ስንት እንደ ሆኑ ጠየቋት። ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። 17 ላይ ስትደርስ ጠፋባትና “ቆዩ፣ አታናግሩኝ” ብላ እንደገና ከአንድ ጀመረች።